ግንብ ያላስቀረ የባለርስት ዘመን

በፈረንሳይ የጌቶች ዘመን ዛሬም በዓይን ይታያል። የሎዋርን ሸለቆ የሚጎበኝ ሰው ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1519 ያስጀመሩትን የሻምቦርን ግንብና በሼር ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ የተዘረጋውን ሸኖንሶን ያያል፤ ወደ ፓሪስ ሲጠጋም የኋለኛ ንጉሥ የገንዘብ ሹም የነበረው ኒኮላ ፉኬ ያሠራውን ቮ ለ ቪኮምትን ያገኛል። ማን ገዛ፣ በምን ሀብት ገዛ፣ ሀብቱንስ በምን ላይ አዋለው ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ ግማሹ መልስ እዚያው ቆሟል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ የሚደርስ መንገደኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይጠብቀውም። የሚያየው ቡናና እንሰት፣ በዛፍ ጥላ ሥር የተሸሸጉ የገበሬ ቤቶች፣ ከዚያም ከጥንት የቀሩ ትክል ድንጋዮችን ነው። ይህን አይቶ ጌዴኦ ጌታ ያልነበረበት አገር ነው ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከ1880ዎቹ መጨረሻ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ፣ ሰማንያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ የጌዴኦ ገበሬ ጉልበትም ምርትም ለሌላ ሰው ሲገበር ኖሯል። ስለዚህ የግንቡ አለመኖር የጌቶች ዘመን እንዳልነበረ አያሳይም። የሚያሳየው ጌቶቹ መሬቱን በምን ዓይነት መብት እንደያዙት ነው። ያንን ዘመን ማየት የሚፈልግ ጎብኚም ከግንብ ይልቅ ወደ ጓሮው፣ ወደ ከተማው አቀማመጥና ወደ ሽማግሌዎች ትዝታ መሄድ አለበት።

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደዚህ አካባቢ ሲደርስ ጌዴኦ ባዶ መሬት አልነበረም። ሰባቱ ጎሳዎች ባሌ በሚባለው የገዳ ሥርዓት ይተዳደሩ፣ በአባ ገዳ ይመሩ፣ ክርክራቸውን ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው ይፈቱ ነበር። መሬቱም ባለቤት ነበረው፤ ድንበሩ በዘርና በቤተሰብ የታወቀ ነበር። ድል ያደረገው ጦር በዚህ ላይ ሌላ ሥርዓት ጫነበት። ስለ ጌዴኦ የዚያ ዘመን ታሪክ መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ቻርልስ ማክሌላን እንዳጠናው፣ መጀመሪያ የመጡት ወታደሮች የመረጡት እንደ ቡሌ ያለውን ደጋ ነው። አየሩ ከለመዱት አገር አየር ይቀራረባል፤ ገብስ ያበቅላል፤ ለጠባቂም አመቺ ነው። ከፍታው ላይ ከተማ ተቆረቆረ። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ስላልቻለ በገንዘብ ፋንታ ሰው ሰጠው፦ እንደ ማዕረጉ የተቆጠረ ገባር። ገባሩ ለነፍጠኛው፣ ለሰፈረው ወታደር፣ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማር ያገባል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ ጌታው ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል። ከአገሬው መካከል የተመረጡ ባላባቶችም በገባሩና በነፍጠኛው መካከል ቆመው ግብሩን ያሰባስባሉ፤ ከሥርዓቱም ድርሻቸውን ያገኛሉ።

እዚህ ላይ ከፈረንሳይ ጋር ያለው ልዩነት ይጀምራል። ነፍጠኛው የተሰጠው ማደሪያ ነው፤ የሚበላው ሲያገለግል ነው፤ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወይም የሾመው አገረ ገዥ ሲሻር መብቱም ይናወጣል። የሲዳሞን ግዛት ለረጅም ጊዜ ያስተዳደሩት ደጃዝማች ባልቻ፣ አባ ነፍሶ፣ ዋና መቀመጫቸውን ሀገረ ሰላም ላይ አድርገው ነበር። በ1920 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ተጋጭተው ሲሻሩ ግዛቱ ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ራስ ደስታ ዳምጠው ተተኩ፤ መቀመጫውም ወደ ይርጋለም ዞረ። አዲስ ተሿሚ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ ለእነሱም ማደሪያ ይሻል። ነገ ሌላ ሰው ሊይዘው በሚችል ስፍራ ላይ ለልጅ ልጅ የሚቀር የድንጋይ ቤት ማሠራት ለማን ይጠቅማል? የፉኬ ዕጣ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1661 ንጉሡን በቮ ለ ቪኮምት ጋብዞ ታላቅ ድግስ አደረገ፤ ሳምንታት ሳይቆይ ታሰረ፤ እስረኛ እንደሆነም ሞተ። ግንቡ ግን ኋላ ላይ ለሚስቱ ተመለሰ፤ ከዚያም በሽያጭ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ዛሬ ደርሷል። ሹመቱና ንብረቱ የተለያዩ ስለነበሩ ሹሙ ሲወድቅ ቤቱ አልወደቀም። በጌዴኦ ሹመቱና ንብረቱ አንድ ላይ የታሰሩ ነበሩ።

ለዚህ ክርክር ቀላሉ ተቃውሞ የግንባታ ዕውቀትን የሚመለከት ነው። ግንብ ያልተሠራው ሠሪ ስላልነበረ ነው፤ የደቡቡ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ ነው፤ እንጨትና ጭቃ ደግሞ አይቆይም ይባላል። የአገሪቱ ታሪክ ግን ይህን አያግዝም። የአፄ ፋሲለደስ ግንብ በጎንደር ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው የቤተ መንግሥቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ መዞሩን ትቶ በአንድ ከተማ ሲረጋ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ድንጋይ አጥተው አልነበረም በድንኳን የኖሩት፤ ሰፈራቸው ተንቀሳቃሽ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ደግሞ በጅማ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ዋና ሥራው እንጨት ነው፤ ዛሬም ይጎበኛል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው ውስጣዊ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ለረጅም ዘመን ስለገዙ፣ ቤታቸው የወራሽ ቤት እንጂ የተሿሚ ማረፊያ አልነበረም። አንድ ዓይነት እንጨት አንዱ ጋ ቅርስ ሆኖ ቆየ፤ ሌላው ጋ በሰበሰ። ልዩነቱ በቤቱ ዙሪያ ባለው መብት ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገቢው የመጣበት መንገድ ነው። የፈረንሳይ ጌታ በግንቡ ዙሪያ የራሱ እርሻ፣ የራሱ ደን፣ የራሱ ወፍጮ ነበረው፤ ግንቡ የዚህ ሁሉ መሐል ነው። የጌዴኦ ባለርስት ግን ብዙውን ገቢ ያገኘው ከአንድ ሰፊ እርሻ ሳይሆን በየጓሮው ከተበተነ የገበሬ ቡና ነው። ቡናውን የተከለው፣ ያረመውና የለቀመው ገበሬው ነው፤ ጌታው ድርሻውን ለመቀበል እዚያ መኖር አያስፈልገውም፤ ጠባቂና መለኪያ ይበቃዋል። ከፍ ያለ ማዕረግ የነበራቸው ባለርስቶች ርቀው፣ አንዳንዶቹም አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ የጌዴኦን ቡና መብላት ይችሉ ነበር። ሀብቱ የተገኘው እዚህ ነው፤ ቤት የሆነው ሌላ ቦታ ነው። ዲላ ያደገችውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቡና ዋጋ ከፍ እያለ ሲሄድ የደጋው ከተማ ክብሩን ከታች ለሚያልፈው የንግድ መንገድ ለቀቀ፤ ዲላ፣ ወናጎና ይርጋ ጨፌ የቡና ገበያዎች ሆኑ። የጦር ሰፈር ከፍታ ይፈልጋል፤ የቡና ነጋዴ መንገድ ይፈልጋል። የዛሬዎቹ ከተሞች ከቡሌ ወደ ታች የተደረደሩበት መልክ ይህን ለውጥ መዝግቦ ይዟል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የገባርን ሥርዓት አፈረሰ፤ ይህንም ያደረገው ለገበሬው አዝኖ ሳይሆን የነፍጠኛውን ጉልበት ለመስበር ነው። ከድሉ በኋላ መንግሥት ወደ ቀድሞው ሥርዓት በሙሉ አልተመለሰም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የገባሩን የጉልበት አገልግሎት በገንዘብ ግብር ተካው። በወረቀት ሲታይ ነፃነት ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ ከግብሩ ጋር የባለይዞታውን ስም አጸና፤ ባለማደሪያ የነበረው ባለርስት ሆነ፤ ገባር የነበረው ደግሞ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ቀላድ፣ የመለኪያው ገመድ፣ የተጣለበት መሬት በጋሻ ተቆጥሮ ባለቤት አገኘ፤ ቡናውን የተከለው ሰው ግን በመዝገቡ ላይ ቦታ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የቡና ዋጋ ሲንር ክርክሩ መረረ። ቡና ዘመናትን የሚኖር ተክል ነው፤ እንደ ጤፍ በየዓመቱ ተዘርቶ የሚነሣ አይደለም። ዛፉ የገበሬው፣ መሬቱ የባለርስቱ ሲባል ፍሬው የማን ነው? ጥያቄው በቤተ መንግሥት አቤቱታም መፍትሔ አላገኘም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶቹ ላይ ተነሡ። ሚችሌ በተባለው ቦታ በአብዛኛው ጦርና ጎራዴ የያዘው ገበሬ ጠመንጃ የታጠቁትን ባለርስቶችና የመንግሥት ኃይል ገጠመ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ አመፁም ተሰበረ። ይሁንና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ፣ የሚችሌ ጥያቄ በአገር ደረጃ መልስ አገኘ።

የ1967ቱን አዋጅ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 4 ቀን 1789 ሌሊት የፈረንሳይ ምክር ቤት የጌቶችን ልዩ መብት ከሻረበት ውሳኔ ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው። ንጽጽሩ ትክክል የሚሆነው እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ክረምት ብዙ የፈረንሳይ ገበሬዎች ወደ ግንቦቹ የሄዱት በተለይ መዝገቡን ፈልገው ነው፤ ማን ምን ያህል ይገብራል የሚለው የተጻፈበትን ወረቀት አቃጠሉ። በብዙ ቦታ ወረቀቱ ጠፋ፤ ድንጋዩ ቀረ። ድንጋዩም ከጊዜ በኋላ መታያ ሆነ፤ ቬርሳይ እ.ኤ.አ. በ1837 ሙዚየም ሲሆን በሩን የከፈተው የጌቶቹ መብት ከተሻረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የግንብ ጉብኝት የሚባለው ነገር ራሱ የጌታው ሥልጣን ማክተም ልጅ ነው፤ ጌታው እየገዛ ሳለ ገበሬው በዚያ በር የሚገባው ጉብኝት ብሎ ሳይሆን ግብር ተሸክሞ ነበር። በጌዴኦ ግን ጌታው ሲወጣ የሚጎበኝ ነገር አላስቀረም። የቀረው ቡናው፣ ድንበሩና ትዝታው ነው፤ እነሱም የገበሬው ናቸው።

የጌዴኦ የባህል መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይህም ለሕዝቡ ትልቅ ክብር ነው። የተመዘገበው ሁለት ነገሮችን አስተሳስሮ ነው፦ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አንድ ላይ የሚያኖረውን የእርሻ ጥበብ፣ እና ጥንታውያኑን ትክል ድንጋዮች። ድንጋዮቹ ራሳቸው የፈረንሳዮችን ዓይን ከሳቡ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ፈረንሳዊው የካቶሊክ ቄስ አዛይስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ እየዞረ ትክል ድንጋዮችን መዘገበ፤ በኋላ ሮዤ ዡሶም ቱቱ ፈላ ላይ ቁፋሮ አካሄደ፤ በቱቱ ፈላ የሰው ቅርጽ የተቀረጸባቸው፣ በጨልባ ቱቲቲ ደግሞ ረጃጅም ሆነው የቆሙ ድንጋዮች በብዛት ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናትም ሳካሮ ሶዶ ላይ ያሉት ድንጋዮች ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድመው፣ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደቆሙ አመልክቷል። ይህ ሁሉ ጎብኚውን ወደ ሩቅ ዘመን ይወስደዋል፤ ከዚያ ወደ ዛሬው ጓሮ ይመልሰዋል። በመካከል ያለው ዘመን፣ አዛይስ በዚያ ሲያልፍ በዙሪያው ይሠራ የነበረው የገባር ሥርዓት፣ በቀላሉ ይዘለላል። ሰው ሁልጊዜ በስምምነት ያረሰበት ጓሮ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ አተራረክ ለቅርሱ ያደረ ይመስላል እንጂ ቅርሱን ያሳንሰዋል፤ ምክንያቱም ጓሮው ምን ተቋቁሞ እንዳለፈ አይነግረንም።

ታዲያ ምን ይታያል? ግንብ በሌለበት ጎብኚን ወዴት ይወስዱታል? ይህ ተግባራዊ ተቃውሞ ነው፤ መልስም አለው። አንደኛ፣ ጓሮው ራሱ ሰነድ ነው። እንሰት ለቤት ምግብ ነው፤ ለመጫንና ለሽያጭ አያመችም፤ ቡና ግን ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ይለካል፣ ይከፈላል። በግብር ጫና ውስጥ ለነበረ ቤተሰብ ሁለቱ ጎን ለጎን መቆማቸው ትልቅ ትርጉም ነበረው፦ አንዱ ጌታው የሚደርስበት፣ ሌላው ቤተሰቡን ጌታው ከወሰደው በኋላ የሚያኖር። የሕዝቡ ብዛት በአገሪቱ ካሉት እጅግ ከተጠጋጉት አንዱ በሆነበት መሬት ላይ ይህ ጥምረት መቆየቱ የጥበብም የጭንቅም ውጤት ነው ማለት ያስኬዳል። ሁለተኛ፣ ከቡሌ ደጋ እስከ ዲላ ያለው መንገድ የጦር ሰፈር ወደ ቡና ገበያ የተለወጠበትን ታሪክ በመልክዓ ምድር ያሳያል። ሦስተኛ፣ ሚችሌ አለ። በፈረንሳይ ብዙ ጎብኚ ሻምቦርን የሚያደንቀው ፍራንሷ ቀዳማዊ በዚያ በጠቅላላው ጥቂት ሳምንታት ብቻ እንዳደሩበት ሳያውቅ ነው፤ ታላቅ ቤት ብዙ ያልተኖረበት ሊሆን ይችላል። ሚችሌ ላይ ቤት የለም፤ የሆነው ነገር ግን ከብዙ ግንብ ውስጥ ከሆነው ይበልጣል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የቁስል ነው። ይህን ዘመን ማንሣት ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል፤ የነፍጠኛው ልጅ ልጅም የገባሩ ልጅ ልጅም ዛሬ ዲላ ላይ አንድ እድር ውስጥ ናቸው፤ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በተፈናቀለበት አገር ላይ ያለፈን በደል መቁጠር እሳት ማራገብ ነው የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ግን በደል በዝምታ ሲያዝ አይረሳም፤ ቁጥርና ስም ያጣና ወደ ሐሜት ይለወጣል፤ ሐሜት ደግሞ ሰውን በዘሩ ይፈርጃል። ታሪኩ በዝርዝር ሲነገር ግን ሥርዓቱ ከሰው ይለያል። ከነፍጠኞቹ ብዙዎቹ በመጡበት አገር ራሳቸው የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ ከጌዴኦ ወገንም በባላባትነቱ የተጠቀመ ነበረ። የ1937ቱን አዋጅ ያወጣው የሠፈሩ ጎረቤት አይደለም። መዝገቡን፣ ቀላዱንና ድርሻውን በስማቸው የሚጠራ ትረካ፣ ጥፋቱን በአንድ ወገን ልጆች ላይ ከሚያሸክም ወሬ ይልቅ ለሰላም የተሻለ መሠረት ነው።

ግንብ ያላቸው አገሮችም ቢሆኑ ይህን ከመጋፈጥ አላመለጡም። በፈረንሳይ ናንት ከተማ የብሪታኒ መሳፍንት ግንብ እ.ኤ.አ. በ2007 የከተማው ታሪክ ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት፣ የከተማዋ ሀብት ከባሪያ ንግድ ጋር የተሳሰረ መሆኑን የሚያሳዩ ክፍሎች ተሰናድተውለታል። በአሜሪካ ሉዊዚያና ዊትኒ የተባለው የቀድሞ የእርሻ ይዞታ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጎብኚ ሲከፈት ትኩረቱን ከጌታው ሳሎን አንሥቶ በባርነት ወደ ሠሩት ሰዎች አዞረ። እነዚህ ቦታዎች ጎብኚ አላጡም። ትምህርቱ ለእኛ ጠቃሚ ነው፤ እነሱ ከግንብ ወደ ሠራተኛው ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል፤ የጌታው ቤት ዓይን እየያዘባቸው። ጌዴኦ ያ ቤት ስለሌለው ከሠራተኛው መጀመር ይችላል። በሌላ አገር ጉድለት የሚመስለው እዚህ ዕድል ነው።

ከፈረንሳይ ጋር የማነጻጸሩ ተገቢነትም ይጠየቃል። የፈረንሳይ ጌትነት መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ፣ በሕግ የተበጀ የትውልድ መብት ነው፤ የጌዴኦው ከሰማንያ ዓመት ያነሰ፣ በድል የመጣ ነው፤ አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም ይባላል። ልክ ነው፤ እዚህም አንድ ናቸው አልተባለም። ሁለቱም ከገበሬው ትርፍ ኖረዋል፤ የተለዩት ትርፉን በያዙበት መብት ነው። ንጽጽሩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ከተለያየ መብት የተለያየ ቅሪት እንደሚወጣ ለማሳየት። ረጅምና የተረጋገጠ መብት ግንብ ያስቀራል፤ አጭርና የሚናወጥ መብት መዝገብና ቂም ያስቀራል። የግንብ ብዛትን የታሪክ ብዛት አድርጎ የሚቆጥር ሰው በመጨረሻ የሚያከብረው መሬትን አጥብቀው የያዙትን ብቻ ነው።

ስለዚህ በዲላና በአካባቢው ጉብኝት የሚያዘጋጁ፣ የዞኑ የባህልና የቱሪዝም ሠራተኞችም የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም፣ ከትክል ድንጋዩና ከጓሮው መካከል የጠፋውን ምዕራፍ ቢመልሱ ለቅርሱ ታማኝ ይሆናሉ። ወጪውም ከባድ አይደለም፤ ሚችሌ ላይ የሆነውን በጌዴኦኛም በአማርኛም የሚናገር ጽሑፍ፣ የቀላድንና የጭሰኝነትን ታሪክ የተማሩ አስጎብኚዎች፣ ከቡሌ እስከ ዲላ በዚህ ዓይን የታሰበ መንገድ ይበቃሉ። የሚያስቸኩለው ሌላ ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። ባለርስቱ ስንት እንደወሰደ፣ ቡናው በምን እንደተለካ፣ ማን ለማን እንደተከራከረ የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳያልፉ ቃላቸው መቀዳት አለበት። ግንብ ጠባቂ ባይኖረውም ለጥቂት መቶ ዓመታት ሊቆም ይችላል፤ ትዝታ ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል፤ የጌዴኦ የባለርስት ዘመን ዋና ማስረጃ ደግሞ ይኸው ትዝታ ነው።